በገዛ ሶዳዬ

ዛሬ ሰው ፊት ግራ ክንዴ እንደ ሊጥ ተነፋ፣ ቀኙ ምንም አልሆነ። ሰዉ አጨበጨበ።

ለማታውቁኝ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካኝ ቆዳዬ ያብጣል፣ ያሳክከኛል። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሱቅ አለኝ።

ጠዋት አንድ ቅባት ሻጭ ሕመሜን ሰምቶ መጣና «እህቴ፣ አዲስ መድኃኒት ነው፣ በነፃ ልሞክርልሽ» አለኝ። ቀኝ ክንዴን ብቻ ቀባኝ። ሽታው የከረመ የፍየል ሞራ ነው።

ከዚያ ከራሴው ሱቅ ሁለት ሶዳ ገዝቶ ሁለቱ ክንዶቼ ላይ አስደገፈ። ውጤቱን ነገርኳችሁ። ጎረቤቴ ሀሊማ ለልጇ ሽፍታ ወዲያው ገዛች። እኔም «ይሠራል» ብዬ መሰከርኩ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ጠርሙሶቹን ሳነሳ የቀኙ ለብ ያለ ነው።

ለካ በስዋሂሊ «አንድ ባሪዲ፣ አንድ ሞቶ»፣ አንድ ቀዝቃዛ አንድ ያልቀዘቀዘ፣ ሲለኝ አንዱን ከፍሪጅ፣ አንዱን ከሳጥን አውጥቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። እዚህ ግማሹ ሰው ሶዳ ሳይቀዘቅዝ ስለሚጠጣ ምንም አልመሰለኝም።

ሮጬ ሀሊማ ቤት ስደርስ ልጇን ቀብታ ጨርሳለች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ይሠራል ያልሽኝ?» አለችኝ።

ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀኝም። እናንተስ፣ ለአጭበርባሪ ምስክር ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሽተት።