የጋሽ ፈንቴ ሰልፍ

ሰሞኑን ሬዲዮው ስለ አንድ ሩቅ አገር ፓርቲ ያወራል። ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበው ዕጩ ገና አልታወቀም፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንገት ላንገት ተናንቀዋል፤ አዋቂ ነን ባዮች የያንዳንዳቸውን ዕድል ይመዝናሉ። እኔ ግን ሳዳምጥ ሐሳቤ ባሕር ዳር፣ ከቀበሌያችን ሜዳ ላይ ይቀራል።

በደርግ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር በሰልፍ ነበር የሚመረጠው። ዕጩዎቹ ፊት ይቆማሉ፣ ሕዝቡ ከወደደው ኋላ ይሰለፋል፣ ራስ ይቆጠራል። ማን ከማን ኋላ እንደቆመ አገር ያየዋል። ያን ዓመት የቀረቡት የአብዮት ጥበቃው ጓድ ሽታውና ልብስ ሰፊው ጋሽ ፈንቴ ነበሩ። ገበያው ሁሉ ያሸንፋሉ የሚለው ጋሽ ፈንቴን ነበር፤ ጥበቃዎቹ የቆሙበትን ያየ ግን አፉን ይይዝ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን የሚመዘግበው ሊቀመንበሩ ነው። ወንድሜ አለሙ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሽታው ቤታችን መጥቶ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከኋላው ከተሰለፈ የልጁ ስም እንደማይጻፍ ለእናቴ ነግሯት ሄደ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ።

የምርጫው ዕለት ከቁንዝላ የሚመጣው ጀልባ አዘገየኝ። እናቴ ዓሣ ጠብሳ ትሸጥ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወርጄ የምረከብላት እኔ ነኝ። የሰኔ ጭቃ እግሬን እየያዘኝ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትሁ ስደርስ ቆጠራው አልቋል። ሁለቱ ሰልፎች እኩል ወጥተው ኖሯል። ያልተቆጠርሁ እኔ ብቻ።

ወላጆቼና አለሙ ከሽታው ኋላ ናቸው። እናቴ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ ግን አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደግሞ እልኸኛ ነበርሁ፤ ሽታውን በሙሉ ልቤ እጠላው ነበር። ወደ ጋሽ ፈንቴ ተራመድሁ።

ጋሽ ፈንቴ ቦታቸውን ለቀው መጡና መንገዴን ዘጉ።

«ልጄ፣ ከናትሽ ጋ ቁሚ» አሉኝ ቀስ ብለው። ቀጥለው ለሕዝቡ፣ «እኔ ትቻለሁ። መስፋቱ ይበቃኛል» ብለው ሄደው ከሽታው ሰልፍ መጨረሻ ቆሙ።

ያኔ ፈሪ መስለውኝ ስንት ቀን ሰላምታ ነፍጌያቸዋለሁ። የምልመላው ዝርዝር ሲነበብ የአለሙ ስም አልነበረም፤ የሌሎች እናቶች ልጆች ስም ግን ነበር። ጋሽ ፈንቴ ቢመረጡ ይሄ ይቀር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝርዝሩ የተነበበ ዕለት ሮጬ ሄጄ ጉልበታቸውን ስስም ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ አለሙ ደህና እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ።

አለሙ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ከእነሱ አንዱም እንኳ ጋሽ ፈንቴ የሚባሉ ሰው እንደነበሩ አያውቅም። ይህን የጻፍሁት እንዲያውቁ ነው።