የአክስቴ ግድግዳና ጊዜያዊው እግድ

ኮምቦልቻ የሚኖሩት አክስቴ ያዘመመውን የጓዳቸውን ግድግዳ ሊያሠሩ ሲሉ ጎረቤታቸው በወሰን ከሰሳቸው። ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይነኩት በጊዜያዊ እግድ ከለከላቸው። ክረምቱ ሲቃረብ እግዱን እንዲያነሱላቸው ደሴ ላሉት፣ እግዱን ለሰጡት ዳኛ አመለከቱ። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

«እናቴ፣ ጊዜያዊ እኮ ነው! ምን አስቸኮለዎት?» አሏቸው ዳኛው።

«ወላሂ ጌታዬ፣ መንግሥትም ጊዜያዊ ነኝ ካለ ስንት ዓመቱ!»

እውነታቸውን ነው። ደርግ ያኔ «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ነበር የሚባለው፤ እኔም ጋዜጠኛ ስለነበርኩ በየዜናው የምጽፈው ስም ነው። ከኋላችን አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዳኛው ቀና ሳይሉ አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው ጓዳውን ይዞ ወደቀ። እግዱ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትእዛዙም ምክንያቱን ሲገልጽ «የሚታገድ ነገር ስለሌለ» ይላል።