የውባለም ጥቁር የሶፋ ልብስ

አክስቴ ውባለም ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ልጇ ከስብሐት ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ቀድሞ ሞቷል። እንግዳ ትወዳለች፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ለሶፋዎቿ አዲስ ልብስ ታሰፋለች። ጨርቅ ስትመርጥ ወደ ብርሃን አውጥታ፣ በጣቷ አሽታ፣ ባለሱቁን እስክታሰለች ትጠይቃለች።

በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ ስብሐትን ከቤት ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ ጠርተው መገደሉን ነገሯት። አስከሬኑን አልሰጧትም። ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል መሆኑንም እዚያው አስጠነቀቋት።

በማግስቱ ጥቁር ከፋይ ገዝታ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጉታ ሄደች። ለቀሚስ መስሎት ደነገጠ፤ ለሶፋ ነው አለችው።

«እትዬ፣ ጥቁር እኮ ሳሎን ያጨልማል።»

«ይጨልም። አንተ ስፋው።»

ሶፋዎቹ ጥቁር መልበሳቸውን ጎረቤት ሰማ። አዲስ ዕቃ ላስገባ ሰው እንኳን ደስ አለህ ለማለት መሄድ ወግ ነውና ይህን የከለከለ አልነበረም። አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ከፋዩን እየዳሰሱ አሞገሱላት፤ ዕንባቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ፤ ሲወጡ በጆሮዋ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት። ከልጇ ሞት ወዲህ ፊቷ ፈታ ሲል ያየሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ከዚያ ጌጤ መጣች፤ ስብሐትን አዝላ ያሳደገች ጎረቤት ናት። ከደጃፉ ገብታ ጥቁሩን ስታይ ሁሉን ረሳች። ለቅሶ ቤት እንደገባች ሴት ደረቷን መታች፤ «ልጄን» ብላ ጮኸች። አፏን ብንይዘውም ጩኸቱ መንገድ ወጥቶ ነበር።

ሳይመሽ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ተቀመጠና ጥቁር ለምን እንደመረጠች ጠየቃት።

«እድፍ ይችላል ብዬ ነው።»

«እድፍ የሚችል ከፈለግሽ ቀይ አለልሽ። ይሄን ግፈፊው።»

ራሷ ገፈፈች። እሱ አስጠቅልሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ሶፋ ለማየት የመጣ ሰው የለም።

ጉታ እያዘነላት ቁራጭ ጨርቅ ይዞላት ይመጣ ነበር፤ እንድትመርጥ። እንደ ድሮው ወደ ብርሃን አታወጣውም፤ በጣቷም አታሸውም። «ይህ የሰርግ ነው» ትልና ትመልስለታለች። ግራጫውንም፣ ቡናማውንም የሰርግ ነው አለችው። ሶፋዎቹ ስፖንጃቸው እየተበላ ራቁታቸውን ቀሩ። እሷም ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ መቀመጥ ጀመረች።

በ1979 ሞተች። ድንኳን ተተከለ፤ ሶፋዎቹን ወደ ጓሮ አወጣናቸው። ያለቀሰው ሁሉ ከእሷ ይልቅ ስብሐትን እየጠራ አለቀሰ፤ ጌጤም ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። አፏን የያዘ አልነበረም። ያንን ለቅሶ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ግን ውባለም ነበረች።