በእኔ መታወቂያ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። የማልረሳው በሕግ ፊት ቁማርተኛዋ እኔ ሆኜ ስለተገኘሁ ብቻ አይደለም። ጥፋቱን የሠራሁት ልጅ የረዳሁ መስሎኝ ስለነበር ነው።

ነቀምቴ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ የአንድ ዘጠነኛ ክፍልም ኃላፊ ነኝ። ከገጠር መጥተው ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩላቸው በስልክ ነው። ሲም ካርድ ለማውጣት ግን መታወቂያ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ደግሞ የላቸውም። ስለዚህ የሚያውቁት ትልቅ ሰው በራሱ ስም ያወጣላቸዋል። እኔም ለሦስት ተማሪዎች አውጥቼ፣ ቁጥሮቻቸውን ደብተሬ ላይ በተራ ጽፌ ይዣለሁ።

ከሦስቱ አንዷ ሐዋ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ሲሙ ቢጠፋባት እንዳትቸገር ብዬ የመታወቂያዬን ፎቶ ጭምር ልኬላት ነበር።

አንድ ሳምንት ከክፍል ቀረች። ቤቷ ስሄድ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አባቷ በቆሎ ሸጠው ለኪራይና ለቀለብ የላኩላትን በሙሉ በስልክ ቁማር ተበልታለች። መጀመሪያ ትንሽ በልታ ነበር፤ ከዚያ የተበላችውን ለማስመለስ ስትል ምንም አልቀራትም።

"ቲቸር፣ ለአባዬ አይንገሩብኝ። ከትምህርት ያስወጣኛል" አለችኝ።

እኔ ግን ሕጉን አውቃለሁ። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የገባው ውል ሊፈርስ እንደሚችል፣ ልጅ ያቆመረ ድርጅትም ተጠያቂ እንደሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ይህንኑ ለሐዋ በዝርዝር አስረዳኋት። ከዚያ ለአባቷ ደወልኩ። አይዞዎት፣ ይምጡና አብረን እንከሳለን አልኳቸው።

አባቷ በቆሎ መሸልቀቃቸውን ትተው በማግስቱ መጡ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው በደንብ አዳመጠን፤ ወደ አቋማሪው ድርጅትም ደወለ። ሒሳቡ የተከፈተው በእኔ ስም፣ በእኔ ስልክ ቁጥር፣ በእኔ መታወቂያ ነበር። ሐዋ የላክሁላትን ፎቶ ተጠቅማለች። ድርጅቱ ደንበኛችን አዋቂ ናት፣ ልጅ አላጫወትንም አለ።

መርማሪው ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። "ባርሲስቱ" አለኝ፤ እዚህ መምህርትን የምንጠራው እንዲህ ነው። "ወረቀቱ ላይ ልጅ የለችም። ያለሽው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ አልፎ፣ መታወቂያዬን ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠቴ ራሱ እንደሚያስጠይቀኝ ነገረኝ። ለዛሬ በምክር አልፌሻለሁ አለ።

አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳይቆጡ፣ "ታዲያ ልጄን ማን አቆመራት?" ብለው ጠየቁ። ለማንኛውም ጥያቄ ማብራሪያ የማላጣ ሰው፣ ያን ቀን መሬት መሬቱን አየሁ።

የጠፋባቸውን ከደመወዜ ልተካ ብላቸው አልተቀበሉኝም። በዚያው ቀን ሐዋን ይዘዋት ወደ አንገር ጉቲን ተመለሱ። መኪና ስትሳፈር ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር አልመጣችም። ስም ስጠራ እስካሁን የእሷ ቁጥር ላይ ስደርስ ትንሽ እቆማለሁ። ስልኩ እኔ ዘንድ አለ። ምናልባት ትደውል ይሆናል ብዬ ሲሙን አላዘጋሁትም። እስካሁን የሚገባበት ግን የአቋማሪው ድርጅት መልእክት ብቻ ነው፤ ተመልሰሽ ተጫወች፣ ጉርሻ አዘጋጅተንልሻል ይላል። ከላይ የሚጠራው የእኔን ስም ነው።