በጉቴ ደጃፍ ያሉ ሁለት በርጩማዎች

አጎቴ በጃንሆይ ዘመን የነቀምቴ አካባቢ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ሁለት ጊዜ ተመርጠዋል። ስለ ንግግራቸው ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የማልረሳው፣ ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ መጥተው ከመኪና እንደወረዱ፣ ቤት እንኳ ሳይገቡ ወደ ጉቴ መንደር መሄዳቸውን ነው።

እዚያ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ጭሰኛ ነበሩ። ድምፃቸውን ለአጎቴ ሲሰጡ፣ «ለምክር ቤቱ የቀረበው የጭሰኛው ሕግ ምን ላይ እንደደረሰ ራስዎ መጥተው ይንገሩኝ» አሏቸው። መልሱን ሳይሰሙ ሞቱ። አጎቴ ግን መሄዳቸውን አልተዉም። የሟቹ ሚስት አዴ ጫልቱ ደጃፉ ላይ ሁለት በርጩማ ያወጣሉ። አጎቴ በአንዱ ይቀመጡና ወደ ባዶው ዞረው፣ «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?» ብለው ሰላምታ ያቀርባሉ። መልስ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ፣ «ሕጉ ገና ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ፣ «ሰውየው እኮ ሞተዋል» ብላቸው ተቆጡኝ።

«የሰጡኝን ድምፅ መልሰው ወስደዋል?»

አጎቴን በቀበርን ማግስት ለአዴ ጫልቱ መርዶውን ልነግር ጉቴ ሄድኩ። እስከዚያ ማንም አልነገራቸውም። በርጩማዎቹ ግን ወጥተዋል፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ ፊት ለፊት። በአንዱ ልቀመጥ ስል አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ሰው አለበት። ከትናንት ጀምሮ እያወሩ ነው።»

ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩና፣ «ሕጉስ?» አልኩ።

ጆሯቸውን ወደ በርጩማዎቹ አዘነበሉ።

«ገና ነው እያሉ ነው» አሉኝ።