ከሁሉ ቀድሜ የሳቅኩበት ሊንክ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለጓደኞቼም አልነገርኩም። ባለፈው ጾም ለንስሐ አባቴ «ዋሽቻለሁ አባ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ። እሳቸውም የትኛውን ውሸት እንደሆነ ሳይጠይቁኝ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፤ ጉልበቴ ታመመ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። እንዴትስ ይልቀቀኝ? በደፈናው የተናገርኩት በደፈናው ነዋ የተሰረየልኝ። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ለእናንተ በዝርዝር ልናገር ነው። ብትሰለቹም ታገሡኝ፤ እኔ ራሴ በራሴ ከሰለቸሁ ቆይቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ «ደቦ» የሚባል የጸሐፊዎች ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። ብሎግ የምንጽፍ ወጣቶችና መጽሐፍ ያሳተሙ ጥቂት ሰዎች፣ በድምሩ ሃያ ሁለት ነን። ያቋቋሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ መካኒሳ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ ሁለት ልብ ወለድ ያሳተሙ ሰው። ገበሬ ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን ተረዳድቶ እንደሚያጭድ፣ እኛም ተራ በተራ የአንዳችንን ጽሑፍ እንድንሸከም ፈለጉ። በየቀኑ የአንድ ሰው ሊንክ ይለጠፋል፤ ሌሎቻችን እናነባለን፣ ከሥሩ አስተያየት እንጽፋለን፣ በየገጻችን እናጋራለን። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ያበላሸነው እኛ ነን። ይኸው፣ «እኛ» ስል ደግሞ መሸሸት ጀመርኩ። እኔ ነኝ።

ማንበቡ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። ሊንኩ ይመጣል፣ የመጀመሪያዋን መስመር እናያለን፣ «ብዕርህ አይንጠፍ»፣ «ድንቅ ነው»፣ «ቃላት አጠረኝ» ብለን እናልፋለን። ቃላት ያጠረን ስላላነበብን ነበር! ጋሽ ደምሴ ደግሞ የመምህርነት ነገር አይለቃቸውምና ማታ ማታ ስም ይጠሩ ነበር። ማን ጻፈ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቀደመ። ሁልጊዜ የምቀድመው እኔ ነበርኩ። «ኪሩቤል እንደ ልማዱ አንደኛ! ጎበዝ ልጄ» ይላሉ። ለዚያች «ጎበዝ ልጄ» የማላደርገው ነገር አልነበረም። ለገጣሚው የሚሆን አድናቆት ነበረኝ፤ ለፍቅር ታሪክ ጸሐፊዋ የሚሆን ነበረኝ፤ አዘጋጅቼ አስቀምጬ፣ ተራቸው ሲደርስ መለጠፍ ብቻ።

ይህን ያወቀብኝ ገመቹ ብቻ ነበር። ገመቹ የላፍቶ ልጅ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው አርሰው የኖሩ፣ ዛሬም ከጓሯቸው ሁለት ላሞች ያሏቸው። በብሎጉ የሚጽፈው በላሞቹና በጎረቤት ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች መካከል ስላለው ጠብ ነበር። አንድ ቀን ግሩፑ ውስጥ፣ ሁሉም ፊት፣ «ኪሩ፣ አንተ እኮ ገና ሳይጻፍ ነው የምታደንቀው!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ፤ ሲሰድቡኝም ደስ ላሰኛቸው የምፈልግ።

ሰሚራን ግን ሁላችንም በጉጉት ነበር የምንጠብቃት። አባቷ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ አላቸው። እሷም እያገዘቻቸው ስለ ደንበኞቹ ትጽፍ ነበር፤ አንዲት ክብሪት ለመግዛት ሙሉ ሰፈር አምተው ስለሚሄዱ ሴትዮ፣ ዱቤ ሊጠይቅ ሲል ስለ አየር ጠባይ ስለሚያወራ ጎልማሳ። ያስቃል። ለሰሚራ የተዘጋጀው አስተያየቴ እንግዲህ ሳቅ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ከጀሞ ወደ መካኒሳ፣ ወደ ትምህርት ቤቴ፣ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ከኋላ ወንበር አራት ሆነን ተጣበን፣ ስልኬን አንስቼ የማይበት ቦታ እንኳ አልነበረኝም። ግን አየሁት። የሰሚራ ሊንክ ነው። ከሥሩ የመጀመሪያዋ መስመር ትታያለች፦ «አባቴ ትናንት ስኳር ለጠየቀው ሰው የልብስ ሳሙና ዱቄት መዝኖ ሰጠው።» ሊንኩን ከፍቼ በቀጥታ ወደ አስተያየት መጻፊያው ወረድኩ። «ሰሚራ ዛሬስ ገደልሽኝ! በሳቅ ሆዴን አመመኝ። አባትሽ ግን ይመቻቸው!» ብዬ አምስት የሳቅ ምልክት ደረደርኩበት። ከዚያ ለማውቃቸው ሁሉ አጋራሁት። ሆዴን አላመመኝም። ፈገግም አላልኩም። አንደኛ መሆኔን ብቻ ነበር ያየሁት።

ገመቹ ተከተለኝ። «ሰውዬው ሻዩን ሲያማስለው አረፋ ኩፍ አለበት በይኛ!» አለ። ከዚያ ሌሎቹ ተንጋጉ። የሳቀ ሰው ካለ ያስቃል ማለት ነው፤ የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ ምን ማንበብ ያስፈልጋል? እስከ ዕረፍት ሰዓት ድረስ ከጽሑፉ ሥር ሃያ ሰው ስቆ ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ የክፍሌ ልጅ ናት። ጠዋት ካጋራኋቸው አንዷ ነበረች። በዕረፍት ሰዓት ስልኳን ይዛ መጣችና «ስማ፣ ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለችኝ። «ምኑ?» አልኳት። «አንብበኸዋል?» አለች። ያን ጊዜ ነው የከፈትኩት፤ ተጠይቄ፣ አፍሬ።

የሰሚራ አባት የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ጽሑፉ ይህ ነበር። ስኳሩና ሳሙናው መጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ሻይ ስታቀርብላቸው «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው እንደጠየቋት ይናገራል። ሰዎች ከሌላ መንደር ሳይቀር እየመጡ፣ ያልሆነ ዕቃ እየጠየቁ፣ ግራ ሲጋቡ እያዩ እንደሚስቁባቸው ይናገራል። የመጨረሻዋን መስመር ዛሬም በቃሌ እችላታለሁ፦ «እባካችሁ፣ ሱቃችን ስትመጡ አትሳቁበት።» ከዚህች መስመር ቀጥሎ የመጀመሪያው ጽሑፍ የእኔ ነበር። በሳቅ ሆዴን አመመኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ለማንም ግልጽ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? አስተያየቴን አጠፋሁት። ሰሚራ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስለምትቆም ገና አላየችውም ነበር። ሌሎቹም ከማን ቀጥለው እንደሳቁ የሚያስታውሱ አልነበሩም፤ የሰው ጽሑፍ ያላነበበ የሰው አስተያየት ያነባል? እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ፈሪ ብቻ ነበርኩ። አላቆምኩም። እንደገና ጻፍኩ፦ «እህቴ ሰሚራ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ እያለቀስኩ ነው። ከላይ የሳቁት ሰዎች ግን አላነበቡትም። ያሳፍራል።» እያለቀስኩ አልነበረም። በአንድ እጄ ሳምቡሳ ይዤ ነበር። ሳምቡሳ እየበላሁ «ያሳፍራል» ብዬ በሰው ላይ ፈረድኩ!

ከሰዓት በኋላ ሰሚራ ግሩፑ ውስጥ መጣች። «ሱቅ ውስጥ የሚስቁበትን ሸሽቼ ነበር እናንተ ጋ የመጣሁት» አለች። «ማነው የጀመረው?» ሁሉም ከጽሑፏ ሥር ያሉትን አስተያየቶች ሄዶ አየ። ከላይ ያለው የገመቹ ነበር፤ ያ የአረፋ ቀልድ።

«ገመቹ፣ ምን ነካህ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ ጥፋቴ ነው፤ አላነበብኩትም። ግን ከኔ በፊት የሳቀ ነበር እኮ።»

«ማን?»

ገመቹ እየጻፈ እንደሆነ ያሳያል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ያሳያል፤ ይጠፋል። ስሜን ያውቃል። የቀለደው የእኔን ሳቅ አይቶ ነው። አልጠራኝም፤ ራሴ እንድናገር ጊዜ እየሰጠኝ ነበር። እኔም አውቄያለሁ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ስክሪኑን አየዋለሁ። «እኔ ነኝ ጋሼ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? የሰው ልጅ ስንት ነገር ተናዟል፤ ነፍስ ያጠፋ እንኳ ተናዟል! እኔ አንድ ቀሽም አስተያየት መጻፌን መናገር አቃተኝ። «ጎበዝ ልጄ» እንዳትቀርብኝ።

ጋሽ ደምሴ «ሲጠየቁ በሌላ ማላከክ ደግሞ ከሳቁም የባሰ ነው» ብለው ጻፉ። ገመቹንም ከግሩፑ አስወጡት። ሌሎቹ ሳቃቸውን እያጠፉ ይቅርታ ደረደሩ፤ ይቅርታውንም አንዱ ከሌላው ነበር የሚገለብጠው። ሰሚራ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «አንተ ባትኖር ብሎጉን ልዘጋው ነበር። አንድ ሰው አነበበኝ።» እኔም «ምንም አይደል እህቴ፣ ግዴታዬ ነው» አልኳት። ግዴታዬ! ይህን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ጋሽ ደምሴ የገመቹን ታሪኮች ገጽ በገጽ እያረሙለት ነበር፤ ሲያልቅም አሳታሚያቸው ዘንድ ሊወስዱት ቃል ገብተውለት ነበር። ያ ሁሉ ቀረ። ብሎጉን አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ ስለ አንዲት ጥጃ መወለድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር የለም። ጥሩ ይጽፍ ነበር። ይህን የማውቀው አሁን ስላነበብኩት ነው፤ በተራው ቀን ሁሉ «ድንቅ ነው» እያልኩ አልፌው ነበር።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ልጅ ነበርክ እለዋለሁ። ገመቹስ ሽማግሌ ነበር? ሁሉም ስቋል እለዋለሁ። ሁሉም ስቆ ሁሉም ተወቀሰ፤ የተመሰገንኩት እኔ ብቻ ነኝ። የትኛው ምክንያት ነው ይህን የሚሸፍነው?

በዚህ ሳምንት ሰሚራ መልእክት ላከችልኝ። የሱቅ ጽሑፎቿ መጽሐፍ ሊሆኑ ነው። ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል። የምስጋናውን ገጽ አያይዛዋለች፦ «ሁሉም በሳቀ ጊዜ ላነበበኝ ለወንድሜ ለኪሩቤል።» ሌላ ስም የለበትም። «ስምህን አላበላሸሁትም አይደል? ቶሎ መልስልኝ» ትላለች። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ስሜ በትክክል መጻፉን አየሁ።

ከዚያ ወጥቼ ገመቹ ጋ ደወልኩ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ኪሩቤል ነኝ» አልኩት።

«የቱ ኪሩቤል? አንደኛው?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ታክሲውን፣ አስተያየቱን፣ ማጥፋቴን፣ ምስጋናውን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ «ለሷ ነግረሃታል?» አለኝ።

«አይ፣ መጀመሪያ ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«አንተ ልጅ ጤና የለህም እንዴ?» አለ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ! ከሚያውቀው ሰው ጋ ነው ንስሐ የምትገባው? ቀላሉን መረጥክ፤ አሁንም ቀላሉን!»

«ይቅርታ ገመቹ…»

«ለሷ ንገራት። ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው።

ልክ ነው። ይቅርታዬን እንኳ ከማይከብደኝ በኩል ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ ከእናንተ ሁሉ በፊት ለሰሚራ ላክሁላት፤ ለጋሽ ደምሴም ይደርሳቸዋል። ጋሼ፣ ያን ዕለት በሌላ ያላከከ ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ። ገመቹ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ በስልክ ብዬህ ሰምተኸኛል፤ መልሱ ያንተ ነው።

ሰሚራ፣ ስሜን ከዚያ ገጽ ላይ አውጪው። በቦታውም ሌላ ሰው አታስገቢ። ያን ቀን ጠዋት ከእኛ ውስጥ ያነበበሽ አልነበረም።