ያልዘለልኩት ኪኒን

ቲቢ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጥለኝ ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ ፈረደብኝ። "መድኃኒቷን ትዘላለች" ተባለ፣ አለቀ። እኔና ባለቤቴ ኤችአይቪ በደማችን እንዳለ ሶዶ ላይ የሚያውቀን ሁሉ ያውቃል፤ ደብቀነውም አናውቅም። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ የሚመጣ አንድ ዓይነት የኤችአይቪ ኪኒን። እሱን ሳል እንኳ ይዞት አያውቅም፤ እኔ በጋ ከክረምት ደረቴን ይዤ አጎነብሳለሁ። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። ወይ ፍርድ!

ይበልጥ ደሜን የሚያፈላው እውነቱን ማወቄ ነው። እኔ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም። የሚዘለው እሱ ነው። ለንግዱ ዝንጅብል ሊገዛ ቤሌ ገበያ ሲሄድ ኪኒኑን ቤት ትቶ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ ይመለሳል። ስጨቀጭቀው "ታዲያ ምን ሆንኩ?" ይለኛል። እውነትም ምንም አልሆነም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተሯ ላይ አፈጠጥኩባት። "እኔ ምን በድዬ ነው?" አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ለቲቢ እኩል እንደማይጋለጥ ነገረችኝ። ምግቡም፣ ቤቱም፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድም ድርሻ አላቸው፤ ከእናት ከአባት የምንወርሰው ተፈጥሮም አለበት፤ ያው ጀርም አንዱን ጥሎ ሌላውን ያልፈዋል። "የአንቺ በምን እንደሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም፣ ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው" አለችኝ። "መድኃኒትሽን በደንብ እንደምትወስጂ ግን የደምሽ ውጤት ይናገራል። ባልሽን ደግሞ ንገሪው፤ እስከ ዛሬ ተረፈ ማለት ነገም ይተርፋል ማለት አይደለም።"

ይህን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ብናገር ማን ይሰማኛል? ከልጅነቴ ጀምሮ ከመዘምራን ጋር ነኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጠሩኝና፣ መድኃኒት በማቋረጤ እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ እስክገባ ድረስ ከመዝሙር እንደታገድኩ ነገሩኝ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ መዝሙሬን! ቲቢ ሳንባዬን በልቶት እንኳ ትንፋሼን ቆጥቤ የምዘምረውን።

እሁድ ጉባኤው ፊት ተነስቼ ቆምኩ። የደም ውጤቴ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ይህን ሁሉ ዓመት የሚያውቁኝ ሰዎች ቃሌን ካላመኑ ወረቀቱም ይቅርብኝ ብዬ ነው። የተናገርኩት በወላይትኛ ነበር፤ ለቁጣ አማርኛዬ አይበቃኝም። "ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ በእግዚአብሔር ቤት አልዋሽም" አልኩ።

ዋናው ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እህቴ፣ ባልሽ እኮ ያንኑ መድኃኒት እየወሰደ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም" አሉኝ።

"የእሱን እሱን ይጠይቁት፣ ጋሼ" ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጉባኤው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። መፍራቴን አልደብቅም። ዝም ካለ ከዚያ በር አብሬው ላልወጣ ወስኜ ነበር። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"የምዘለው እኔ ነኝ" አለ። "እሷ አንድ ቀን ዘላ አታውቅም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሳምንቱ "እሁድ የመዘምራን ጋውንሽን ለብሰሽ ነይ" ብለው ላኩብኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አልወጣም። እኔም "ጉባኤ ፊት ነው የፈረዳችሁብኝ፣ ጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቁኝ" ብዬ መለስኩላቸው። እስካሁን አልጠየቁኝም፤ እኔም ጋውኑን አልለበስኩም። ባለቤቴ አሁን ቤሌ ሲሄድ ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እዘምራለሁ። መዘምራኑ ትንፋሽ ሲወስዱ የእኔ ድምፅ ብቻውን ይሰማል።